ከኮረም እስከ ኮረም፦ የዕርዳታ ሠራተኛ መቼ ይናገር? መቼ ዝም ይበል?

ተረትና ምሳሌዎቻችን በአንድ ጉዳይ ላይ መስማማት አቅቷቸዋል። አንዱ "ዝም አይነቅዝም" ይለናል። ሌላው ደግሞ "ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ብሎ ይመልሳል። እኛም እንደየሁኔታው የሚመቸንን እየመዘዝን እንኖራለን። ፈሪ ስንሆን የመጀመሪያውን፣ ጀግንነት ሲያምረን ሁለተኛውን እንጠቅሳለን። ነገር ግን ይህ ምርጫ የሰው ነፍስ የሚያስከፍልበት አንድ የሥራ ዘርፍ አለ፤ እሱም በከተማችን በአጭሩ "ኤንጂኦ" የምንለው ነው።

ኤንጂኦ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ ወይም ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። ስለ ዘርፉ ሥነ ምግባር ሲነሳም ወሬያችን የታወቀ ነው። ፐርዲየም፣ የተጋነነ ደረሰኝ፣ ላንድክሩዘር፣ በየሆቴሉ የሚደረግ ወርክሾፕ። እነዚህ ቀላል ጉዳዮች ናቸው ባንልም ለመፍረድ ግን አያስቸግሩም። የተራበ ሰው እህል መስረቅ ነውር መሆኑን ለማወቅ የሥነ ምግባር ሥልጠና አያስፈልግም። በዕርዳታ ስም ሴቶችንና ሕፃናትን መድፈር ወንጀል መሆኑንም ማንም ያውቃል። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ልትረዳው የሄድከውን ሕዝብ የሚበድለው፣ እዚያ ገብተህ እንድትሠራ የፈቀደልህ አካል ራሱ ቢሆንስ? ብትናገር በሩ ይዘጋብሃል፤ በሩ ሲዘጋ የሚሞተው ሌላ ሰው ነው። ዝም ብትል ደግሞ የበደሉ አጃቢ ትሆናለህ።

ይህ ጥያቄ በአውሮፓ የመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ተፈልስፎ ወደ እኛ የመጣ አይደለም። በእኛው አፈር ላይ፣ ያውም በአንዲት ከተማ ሁለት ጊዜ የተፈተነ ነው። ከተማዋ ኮረም ትባላለች። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኖቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የፈረንጆቹን ስንጠቀም "እ.ኤ.አ." እንላለን።)

ኮረም፣ 1928

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ነው። የጣሊያን ጦር እየመጣ መሆኑ ግልጽ ነበር፤ አገሪቱ ግን ለቁስለኛ የሚሆን የረባ የሕክምና አገልግሎት አልነበራትም። ጦርነቱ ሲጀመር ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድና ከሌሎችም አገሮች የሕክምና ቡድኖች መጡ። ጄኔቭ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴም መልእክተኞቹን ላከ። ከእነርሱ አንዱ ማርሴል ዡኖ የተባለ ወጣት የስዊስ ሐኪም ነበር።

ቀይ መስቀል የተቀባ ድንኳን ግን ከለላ አልሆነም። በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ ሆስፒታሉም ቦምብ ወደቀበት። በታኅሣሥ ወር ደግሞ በስተደቡብ፣ ዶሎ አቅራቢያ መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን የሕክምና ጣቢያ ከአየር ተደበደበ፤ በርካታ ታካሚዎችና አንድ ስዊድናዊ ባለሙያ ሞቱ።

በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ዡኖ ኮረም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከማይጨው ጦርነት በፊት የሰፈሩት በዚያ ነበር። የመጣበትን የቀይ መስቀል አውሮፕላን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉት። ከዚያም የባሰ ነገር አየ። በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ፣ ቆዳቸው የተላጠ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች በየዛፉ ሥር ተኝተው አየ። ጣሊያን በጦርነት የመርዝ ጋዝ መጠቀምን የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925 የጄኔቭ ፕሮቶኮል ፈርማ ያጸደቀች አገር ነበረች።

ዡኖ ያየውን ለአለቆቹ ጻፈ። አለቆቹ ግን ለሕዝብ አልተናገሩም። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በሚያዝያ ወር ገደማ ስለ ጋዙ ያላችሁን መረጃ ስጡን ብሎ ጠየቃቸው። ኮሚቴው ገለልተኝነቴን ይነካል በሚል አልሰጠም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ፕሬዚዳንቱ ማክስ ሁበር ሮም ሄደው ከሙሶሊኒ ጋር ተገናኝተው ነበር፤ ስለ ጋዙ ግን በአደባባይ የተሰማ ነገር አልነበረም። ዡኖ በኮረም ያየውን ለሰፊው ሕዝብ ያስነበበው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

እዚህ ላይ ለኮሚቴው ፍትሐዊ እንሁን። የቀይ መስቀል አሠራር በምክንያት የተገነባ ነው። እስረኛና ቁስለኛ ጋ ለመድረስ የሁለቱም ወገን አመኔታ ያስፈልጋል። ያየኸውን ሁሉ የምታወራ ከሆነ ማንም ወህኒ ቤቱን አይከፍትልህም። ይህ ክርክር ዛሬም ድረስ ሚዛን የሚደፋበት ቦታ አለ። በኮረሙ ጉዳይ ግን አንድ ቀላል ጥያቄ እንጠይቅ። ያ ዝምታ ምን ገዛ? ጣሊያን ገና ከመነሻው የኮሚቴውን ዕርዳታ አልፈልግም ብላ ነበር። የኮሚቴው መልእክተኞች የሠሩት በኢትዮጵያ በኩል ብቻ ነው። እንዳይዘጋ የሚፈራለት በር ድሮም አልተከፈተም ነበር። ጋዙም አልቆመም፤ የቀይ መስቀል ጣቢያዎች መደብደብም አልቆመም።

የዝምታው ዋጋ ግን ረጅም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ቆመው ስለ ጋዙ ሲናገሩ፣ በዚያችው ከተማ ያለ ገለልተኛ ተቋም ማስረጃውን መዝገብ ቤት አስቀምጦ ነበር። ጣሊያን በመከላከያ ሚኒስትሯ በኩል ጋዝ መጠቀሟን በይፋ ያመነችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ "አልተደረገም" ብሎ መከራከር ተችሏል ማለት ነው።

ከጄኔቭ እስከ ቢያፍራ

ታሪኩ በእኛ አላበቃም። ያው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942 በአውሮፓ አይሁዶች ላይ ስለሚፈጸመው ነገር መረጃ እያለው፣ በአደባባይ ጥሪ እናድርግ ወይስ አናድርግ ብሎ ተሰበሰበና አናድርግ ብሎ ተበተነ። በኋላ ራሱ ኮሚቴው ያን ውሳኔ በታሪኩ ውስጥ እንደ ትልቅ ውድቀት ቆጥሮታል። ብዙ ጸሐፊዎች ነገሩን ሲተርኩ ከ1942 ይጀምራሉ። እኛ ግን ከ1928ቱ ኮረም መጀመር አለበት እንላለን፤ ልምምዱ የተደረገው እዚህ ነውና።

እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 በናይጄሪያ የቢያፍራ ጦርነት ሲካሄድ፣ በቀይ መስቀል ሥር የሄዱ ወጣት የፈረንሳይ ሐኪሞች ዝም በሉ የሚለውን ደንብ አንቀበልም አሉ። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ከጋዜጠኞች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1971 "ድንበር የለሽ ሐኪሞች"ን (ኤምኤስኤፍን) መሠረቱ። የሚገርመው፣ የድርጅቱ የመጀመሪያ ቻርተርም አባላቱ ዝም እንዲሉ ያዝ ነበር። መናገርም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። በቢያፍራ ጊዜ የሐኪሞቹ ጩኸት ከአንዱ ተዋጊ ወገን ፕሮፓጋንዳ ጋር ተቀላቅሎ ነበር ብለው የሚተቹ አሉ።

ወሎ፣ 1965 እና 1966

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተርቦ ነበር። የሞተው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ቢያንስ በአሥር ሺዎች ነው። በአዲስ አበባ ቢሮ የነበራቸው ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ያውቁ ነበር፤ ሪፖርቱም በእጃቸው ነበር። መንግሥት ግን ነገሩ እንዲወራ አልፈለገም፤ እነሱም መንግሥትን ላለማስቀየም ዝም አሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው መጥተው በግቢው ለእይታ ሲያቀርቡ፣ የዕርዳታ ባለሙያዎቹ ያልተናገሩትን ተናገሩ። ቀጥሎም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሰማ።

የፊልሙ ቀጣይ ታሪክ ለባለሙያ ትልቅ ትምህርት አለው። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከማውረዱ በፊት በነበረችው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ፊልሙ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ። የተራቡ ሰዎችን ለማዳን የተቀረጸ ምስል የሥልጣን መሣሪያ ሆነ። መረጃ ከእጅህ ከወጣ በኋላ ጌታው አንተ አይደለህም።

ከዚያ ረኃብ ሁለት ተቋማት ተወለዱ። አንዱ ቤተ ክርስቲያናትና ድርጅቶች ዕርዳታቸውን ለማቀናጀት የመሠረቱት፣ በኋላ ሲአርዲኤ የተባለው ኅብረት ነው። ሌላው የመንግሥት የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነው። የዛሬው የኤንጂኦ ዘርፋችን አብዛኛው ሥር እዚያ ነው። ይህ ማለት ዘርፉ ሲወለድ ጀምሮ "ማን አወቀ? ለምን ዝም አለ?" የሚል ጥያቄ ተሸክሞ ነው የተወለደው።

ኮረም፣ 1977

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም የተላከ ዘገባ አስተላለፈ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ቀጥሎ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል፦ የቦብ ጌልዶፍ ባንድ ኤይድ፣ በሐምሌ 1977 ዓ.ም. ላይቭ ኤይድ፣ ከየአገሩ የጎረፈ ገንዘብ። በዚያ ረኃብ የሞተው ሰው ግምት ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይደርሳል።

ከዘፈኑ በስተጀርባ ግን ሌላ ነገር ነበር። መንግሥት 1 ሚሊዮን ተኩል ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ ለማስፈር አቀደ፤ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰውም ተወሰደ። የመንግሥት መከራከሪያ የሰሜኑ መሬት ደክሟል የሚል ነበር፤ መሬቱ መድከሙም ውሸት አልነበረም። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሳይወድ፣ ከቤተሰቡ ተነጥሎ፣ ታሞና ተዳክሞ ተጫነ። ኮረምን ጨምሮ በዕርዳታ መጠለያዎች ውስጥ ወታደሮች ሰው አፈሱ። ስንዴ ሊቀበል የመጣ ሰው መኪና ላይ ተጫነ። በሌላ አነጋገር የዕርዳታ ጣቢያው ወጥመድ ሆነ። ስንዴውን የሚያድለው ድርጅትም ሳይፈልግ የወጥመዱ እህል አቅራቢ ሆነ።

በኮረም ይሠራ የነበረው የፈረንሳዩ ኤምኤስኤፍ ይህን በአደባባይ ተናገረ። ዕርዳታችን ሰው ለመግደያ እየዋለ ነው አለ። በኅዳር 1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። ሌሎቹ ድርጅቶች በአብዛኛው ቆዩ፤ አንዳንዶቹም የኤምኤስኤፍን ክስ አስተባበሉ። ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም። እኛ ብንወጣ ነገ ጠዋት ለሕፃናቱ ወተት የሚያፈላው ማነው?

ትክክል ማን ነበር? በእኛ እምነት፣ ስለ አፈሳው ኤምኤስኤፍ ትክክል ነበር፤ በኋላ የወጡት ምስክርነቶች አረጋግጠውታል። በጊዜው የዕርዳታ ኮሚሽኑ ኃላፊ የነበሩትና በ1978 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው የቀሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስም እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሠፈራውን ግፍ ጽፈዋል። ስለ ቁጥሩ ግን ነገሩ ይለያል። ድርጅቱ በሠፈራው እስከ 100 ሺህ ሰው ሞቷል ብሎ ነበር፤ ይህ ከጥቂት ቦታዎች ተነስቶ የተሰላ ግምት ስለነበር ለተቺዎች ቀዳዳ ከፈተ። ክርክሩ "ሰው እየታፈሰ ነው ወይስ አይደለም?" ከሚለው ወጥቶ "100 ሺህ ነው ወይስ 50 ሺህ?" ወደሚለው ዞረ። የተበዳዩ ጉዳይ በካልኩሌተር ጭቅጭቅ ተሸፈነ።

በነገራችን ላይ የዚያ ዘመን የዕርዳታ ገንዘብ ጉዳይ ሌላም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢቢሲ በአማፂያን ቁጥጥር ሥር በነበሩ አካባቢዎች የዕርዳታ ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ውሏል የሚል ዘገባ አቀረበ። በዚያው ዓመት ግን የባንድ ኤይድ ገንዘብ እንደዚያ ውሏል የሚል ስሜት በማስተላለፉ ይቅርታ ጠየቀ። በመናገር ላይ የቆመ ሙያም ከማስረጃው አንድ እርምጃ ካለፈ መመለሱ አይቀርም።

አሥሩ ነጥቦች

ከእነዚህ ሁሉ ቁስሎች በኋላ የጽሑፍ ደንብ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀይ መስቀል ንቅናቄና ትልልቅ የዕርዳታ ድርጅቶች አሥር ነጥብ ያለው የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ሰውን ማዳን ይቀድማል፤ ዕርዳታ በዘርና በሃይማኖት አይለይም፤ የመንግሥታት የውጭ ፖሊሲ መሣሪያ አንሆንም ይላል። ዘጠነኛው ነጥብ ተጠያቂነታችን ለሰጪውም ለተቀባዩም ነው ይላል። አሥረኛው ደግሞ በማስታወቂያዎቻችን የተጎዱ ሰዎችን ተስፋ እንደሌላቸው ዕቃዎች ሳይሆን ክብር እንዳላቸው ሰዎች እናቅርብ ይላል። ይህን አሥረኛውን ስናነብ የ1977ቱ የኮረም ምስሎች ወደ አእምሯችን ይመጣሉ። ዝንብ የወረረው ሕፃን ለአሥርት ዓመታት የአገራችን ፓስፖርት ፎቶ ሆኖ አልነበር?

አሥሩ ነጥቦች ግን ስለ ዋናው ጥያቄያችን ዝም ይላሉ። መቼ ትናገራለህ? መቼ ትወጣለህ? ደንቡ በወጣበት ዓመት እንኳ፣ የሩዋንዳ ጭፍጨፋ ፈጻሚዎች በዛየር የስደተኛ ካምፖችን ተቆጣጥረው ዕርዳታውን ሲቀራመቱ፣ የፈረንሳዩ ኤምኤስኤፍ ጥሎ ወጣ፤ ብዙዎቹ ቆዩ።

በአገራችንም ዘርፉ በ1991 ዓ.ም. የራሱን የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቆ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ጥያቄው በሕግ ተዘጋ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ጉድጓድ መቆፈር ይፈቀዳል፤ ጉድጓዱ ለምን ለእነ እገሌ ብቻ ተቆፈረ ብሎ መጠየቅ አይፈቀድም። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል። አዲሱ ሕግ ዘርፉ በራሱ ምክር ቤት በኩል ደንቡን እንዲያወጣና ራሱን እንዲቆጣጠር ፈቅዷል። ሕግ ሲለወጥ ግን የለመድነው ፍርሃት አብሮ አይለወጥም።

ፈረንጁ ይባረራል፣ አበሻው ይቀራል

እስካሁን የተረክነው ታሪክ አንድ ጉድለት አለው። ጀግኖቹም ፈሪዎቹም በአብዛኛው ፈረንጆች ናቸው። ዡኖ ወደ ጄኔቭ ተመልሷል። በ1978 የተባረሩት ፈረንሳውያን አውሮፕላን ተሳፍረው ሄደዋል። አብረዋቸው የሠሩት አስተርጓሚ፣ ነርስ፣ ሹፌርና ዘበኛስ? እነሱ የሚሄዱበት አልነበራቸውም፤ ስማቸውም በመጻሕፍቱ ውስጥ እምብዛም የለም።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ አይደለም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ሦስት የኤምኤስኤፍ ሠራተኞች ሲገደሉ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መንግሥት የኤምኤስኤፍን የሆላንድ ክፍልና የኖርዌይ የስደተኞች ካውንስልን ለሦስት ወር ሲያግድ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የተሳሳተ መረጃ ማሰራጨት የሚል ነበር። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ሰባት የተባበሩት መንግሥታት ኃላፊዎች በ72 ሰዓት አገር እንዲለቁ ታዘዘ። ኃላፊዎቹ ሌላ አገር ሌላ ሥራ ይጠብቃቸዋል። የአገሬው ሠራተኛ ግን ጎረቤቱ፣ ቀበሌው፣ ቤተሰቡ እዚሁ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ዕርዳታ በስፋት ለሌላ ጥቅም እየዋለ ነው በማለት በመጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎ በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ አቆሙ። የቀጠለው ከወራት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነው። ሌብነቱ እውነት ነበር፤ ቅጣቱን የተቀበለው ግን ያልሰረቀው ረኃብተኛ ነው። መጋዘን ውስጥ ሆኖ ከረጢቱ ሲጎድል ያየና ዝም ያለ ሠራተኛ፣ ገና በጊዜው ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያ ይደርስ ነበር? ተናግሮ ቢሆን ኖሮስ የሚጠብቀው ማን ነበር? ሁለቱም ጥያቄዎች እኩል መጠየቅ አለባቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

"ሁሌም ተናገር" የሚል መልስ ለመስጠት አልተነሳንም፤ በሌላ ሰው አንገት ጀግና መሆን ቀላል ነው። ነገር ግን ከሁለቱ ኮረሞች የምንወስዳቸው አንዳንድ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ መጻፍ። ያየኸውን ከነቀኑ፣ ከነቦታው መዝግብ። ዛሬ መናገር ባትችል መዝገቡ ይቆይሃል። የዡኖና የባልደረቦቹ ሪፖርቶች ጄኔቭ መዝገብ ቤት ባይቀመጡ ኖሮ፣ የታሪክ ተመራማሪዎች የኮሚቴውን ዝምታ ራሱን ማጋለጥ ባልቻሉ ነበር።

ሁለተኛ፣ ያየኸውንና የገመትከውን መለየት። ጉዳይህ ትክክል በሆነ ቁጥር ቁጥርህ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

ሦስተኛ፣ ዝምታህን በየጊዜው መመርመር። ዝም ያልኩት በር እንዳይዘጋ ነው ካልክ፣ በሩ በእውነት ክፍት ነው? በዚህ ወር በዝምታዬ ምክንያት ማን ጋ ደረስኩ? መልሱ "ማንም ጋ" ከሆነ ያ ገለልተኝነት መሆኑ ቀርቷል፤ ደመወዝ መጠበቅ ነው።

አራተኛ፣ ዝምታና ውሸት ሁለት ነገር ናቸው። አለመናገር አንዳንዴ ሰው ያድናል። ያልተከፋፈለ እህል ተከፋፈለ ብሎ ሪፖርት ላይ መፈረም፣ ተገዶ የሄደን ሰው ወዶ ሄደ ብሎ መጻፍ ግን ማንንም አያድንም። የአገሬው ሠራተኛ መስመሩን የሚያሰምርበት ቦታ ቢያጣ፣ እዚህ ላይ ማስመር ይችላል።

አምስተኛው ለድርጅቶቹ ነው። ለውጭ ሠራተኛው የመውጫ ዕቅድ፣ ለአገሬው ሠራተኛ የአሥር ገጽ የሥነ ምግባር ቅጽ የሚሰጥ ድርጅት ስለ ሥነ ምግባር የመናገር አቅሙ ትንሽ ነው። የሚናገረውን የሚጠብቅ አሠራር መጀመሪያ ይኑር።

የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1 ቀን 2025 ተዘግቷል። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች ከሥራ ወጥተዋል፤ የቀሩትም ነገን ይፈራሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝምታ ይረክሳል፤ ሥራውን የሚፈራ ሰው አፉን ይይዛል። ስለዚህ ጥያቄውን አሁን፣ ከፈተናው በፊት፣ በየቢሮው ሻይ ሰዓት ላይ እናንሳው። በእናንተ መሥሪያ ቤት አንድ የመስክ ሠራተኛ ማየት የሌለበትን ነገር አይቶ ቢመጣ፣ ለማን ነው የሚናገረው? ከተናገረ በኋላስ በሚቀጥለው ወር ደመወዙን ይቀበላል?